«ፖንቱን አይገለበጥም» ስለሚባለው ነገር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምንኖረው አትላንታ አካባቢ ነው። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል፤ እናቴም ለምርቃቱ ከአዲስ አበባ መጥታልኛለች። ለዚህ ብለን ላኒየር ሐይቅ ላይ ለአንድ ቀን ፖንቱን ጀልባ ልንከራይ ነው። 13 ሰው ነን፤ አራቱ ልጆች ናቸው፣ ትንሿ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአዋቂዎቹ ግማሾቻችን ዋና አንችልም። ባለቤቴ ‹ፖንቱን እኮ አይገለበጥም፣ ሳሎን ቁጭ እንደማለት ነው› ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። እውነት አስተማማኝ ነው? ምን ላስብበት?»

እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ። እናትሽንም እንኳን ደህና መጡ በይልኝ።

ባለቤትሽ የተናገረው ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። ፖንቱን ማለት በሁለት ወይም በሦስት ወፋፍራም የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ የተነጠፈ ጠፍጣፋ ወለል ነው። ዙሪያውን አጥር፣ ውስጡ ሶፋ፣ ላዩ ላይ የጨርቅ ጥላ አለው። ሰፊ ስለሆነ እንደ ሌላው ትንሽ ጀልባ አይንገዳገድም፤ በልኩ ከተጫነ መገልበጡ ብርቅ ነው። እኔ ላኒየር ዳር ጀልባ በሚያከራይ ቦታ ለዓመታት ሠርቼ አሁን የጀልባ አነዳድና ጥንቃቄ አስተምራለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካስደነገጡኝ ነገሮች አንዱም መገልበጥ አልነበረም። ሰው የሚጎዳው ጀልባው ደልደል ብሎ እንደተንሳፈፈ ነው። የሚጎዳውም በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ሞተሩ እየሠራ ሰው ከአጥሩ ውጪ ይገኛል፣ ወይ ሰውና ጀልባው ውሃ ላይ ይለያያሉ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመዘዝ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ «ሳሎን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ሳሎን ነው ያለ ሰው እንደ ሳሎን ይሆንበታል፤ ልጅ በር ከፍቶ ይወጣል፣ ጎረምሳ የአጥሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ብርጭቆ ይዞ እየዞረ ያጎርሳል። «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» ያሉት አባቶቻችን ወንዝ አይተው ነው እንጂ ፖንቱን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

ከፊት ለፊቱ ልጀምር፤ በፖንቱን ላይ የከፋው ቦታ እሱ ነውና። ከፊተኛው በር ውጪ ጠበብ ያለች ወለል አለች። ልጆች እግራቸውን ወደ ውሃው አንጠልጥለው መቀመጥ የሚወዱት እዚያ ነው፤ ፎቶም እዚያ ያምራል። አሁን ነጂው ድንገት ጋዙን ቀነሰ እንበል፣ ወይም ያለፈ ጀልባ የተወው ሞገድ መጣ። የጀልባው አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል፤ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወድቃል። ጀልባ ፍሬን የለውም። ሾል ያለ ሆድ ያለው ጀልባ ቢሆን ምናልባት ሰውየውን ወደ ጎን ገፋ ያደርገው ነበር። ፖንቱን ግን በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ባዶ ነው፤ የወደቀው ሰው በዚያ ክፍተት ከሥር ገብቶ በቀጥታ ወደ ኋላ፣ ሞተሩ ውሃ ውስጥ ወደሚያሽከረክረው ምላጭ፣ ወደ ፕሮፔለሩ ነው የሚሄደው። ፕሮፔለር የአንድን ሰው ቁመት ከራስ እስከ እግር ለማለፍ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ እንደሚበቃው ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) ያስተምራል። «እጁን ይሰበስባል» የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም በሮች ይዘጋሉ፣ ሁሉም ሰው ከአጥሩ ውስጥ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። የአጥሩ ብረት ላይም፣ የሶፋው መደገፊያ ላይም መቀመጥ የለም። ይህን ሕጉም ይከለክላል፤ ጠባቂዎቹ ካዩ ያስቆሙአችኋል። ልጆቹ ያኮርፋሉ፤ ይኩርፉ። ሞተሩ ጠፍቶ መልህቅ ከተጣለ በኋላ እግራቸውን እስኪጠግቡ ያንጠልጥሉ።

ከመሪው አጠገብ አንድ ቀይ ጥምዝምዝ ገመድ ታያላችሁ። አንዱ ጫፍ ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰካል፣ ሌላው ነጂው ላይ ይታሰራል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ይነቀልና ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ሀበሻውም ፈረንጁም አንጠልጥሎት ነው የሚሄደው፤ ኪራይ የሚመልሱ ሰዎች ስቀበል አብዛኛው ጊዜ ያንን ገመድ ጽዋ ማስቀመጫው ውስጥ ነበር የማገኘው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ከ26 ጫማ ባነሰ የሞተር ጀልባ ላይ፣ ማጥፊያው ካለውና ጀልባው ፍጥነት ከያዘ፣ ነጂው እንዲያስረው ያዛል። አብዛኛው የኪራይ ፖንቱን ከዚያ ልክ በታች ነው። ባለቤትሽ ከሆነ የሚነዳው ቀበቶው ላይ ወይም ላይፍ ጃኬቱ (ሰው የሚያንሳፍፈው ሰደርያ) ላይ ይሰርልሽ።

ሁለተኛው ነገር መለያየቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከነበርኩበት ቦታ አንድ ቤተሰብ ጀልባ ወሰደ። መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ቆሙ። መልህቅ አልጣሉም፤ «ቆሟል አይደል?» ብለው። ነጂው ጎበዝ ዋናተኛ ነበርና ዘሎ ገባ። የጨርቁ ጥላ ተዘርግቶ ነበር፤ ነፋስ መጣና እንደ ሸራ ይዞት ሄደ። ሰውየው ሲዋኝ ጀልባው ይሸሻል፤ ጀልባው ይሸሻል፣ ሰውየው ይደክማል። ወንድሙ ሊያወጣው ዘለለ። ጀልባው ላይ ከቀሩት ውስጥ ሞተር ማስነሳት የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ጩኸት ሰምቶ ደርሶ ነው ሁለቱንም ያወጣቸው። ሲመለሱ ነጂው ዶኩ (ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ) ላይ ተቀምጦ ጫማውን ማሰር አቅቶት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ዋና የሚችለው ሰው ነው እንግዲህ።

ፖንቱን ውሃ ውስጥ የገባው አካሉ ትንሽ፣ ነፋስ የሚመታው አካሉ ግን ትልቅ ነው። በሰው ዓይን የቆመ ይመስላል እንጂ ይሄዳል። ስለዚህ ማንም ሰው ውሃ ከመግባቱ በፊት መልህቁ ተጥሎ መያዙ ይታያል። መልህቅ የሚታሰረው ከፊት ነው፤ ከኋላ ከታሰረ ሞተሩ የከበደበት ዝቅ ያለው ጎን ሞገዱን ይቀበልና ውሃ ይገባል። ገመዱ ከጥልቀቱ አምስት፣ ቢቻል ሰባት እጥፍ መርዘም አለበት። ላኒየር የቻተሁቺ ወንዝ በ1950ዎቹ በቡፎርድ ግድብ ተገድቦ የሞላ ሐይቅ ነው፤ ግድቡ አካባቢ ጥልቀቱ ከ40 ሜትር ይበልጣል፣ እዚያ የኪራይ መልህቅ መሬት አይነካም። ነፋስ የማይደርስበት፣ ከ10 እስከ 15 ጫማ የሚጠልቅ የዳር ጥግ ፈልጉ። ዳር ነው ብላችሁ ግን ልጅ እንዳትለቁ፤ ሐይቁ የሞላው ኮረብታና ሸለቆ ላይ ስለሆነ ጉልበት ድረስ ከነበረው ውሃ አንድ እርምጃ አልፎ መሬቱ ይጠፋል።

ሰው ከመዋኘቱ በፊት አንድ የሚንሳፈፍ ነገር የታሰረበት ረጅም ገመድ ከጀልባው ኋላ ይለቀቅ፤ የደከመ ሰው እሱን ይይዛል። አንድ አዋቂ ሳይጠጣ፣ ሳይዋኝ ጀልባው ላይ ይቆያል። እሱም ሞተር ማስነሳት የሚያውቅ መሆን አለበት። ስትከራዩ ማብራሪያውን ሁለት ሰው ቆሞ ይስማ፤ ባለቤትሽ ብቻ አይደለም፣ አንቺም። እና መሰላሉ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ ነውና ቁልፉ ተነቅሎ ካልታየ በቀር ማንም ወደ መሰላሉ አይዋኝ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ነው ተብሎ መተማመን አይበቃም፤ አንድ ልጅ እጀታውን ነካ ቢያደርገው ፕሮፔለሩ ዞረ ማለት ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ቆሞ የሚሠራ ሞተር የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኋላ በኩል ውሃው ላይ ይተኛል፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ እዚያ ተንሳፍፎ የሚጫወት ልጅ ራሱን ይስታል።

ዋና ስለማይችሉት ጠይቀሽኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላ አሜሪካ በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰው እንደሞተ ኮስት ጋርድ መዝግቧል። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው ከአራቱ ሦስቱ የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙት ውስጥ ደግሞ ላይፍ ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበው 87 በመቶው አልለበሱም ነበር። ጃኬቱ ብዙ ጊዜ ጀልባው ላይ አለ፤ ከሶፋው ሥር፣ ከነላስቲኩ። ስለዚህ እኔ የምልሽ አጭር ነው፤ ዋና የማይችል አዋቂ ከዶኩ እስከ ዶኩ ይልበስ። የሚያፍር ሰው ካለ ቀድመሽ አንቺ ልበሺው፤ ሌላው ይከተላል። ልጆቹን በተመለከተ ጆርጂያ ውስጥ ጀልባው እየሄደ ሳለ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ መልበስ ግዴታው ነው።

የልጅ ጃኬት በዕድሜ አይመረጥም፣ በክብደት ነው፦ ከ30 ፓውንድ በታች፣ ከ30 እስከ 50፣ ከ50 እስከ 90። የሦስት ዓመቷን ሚዛን ላይ አቁሚያት፤ መስመሩ ላይ ልትሆን ትችላለች። ለእሷ በእግሮቿ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላት የሚደግፍ አንገትጌ ያለው ይሁን። አልብሰሽ ከትከሻው ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ጆሮዋ ድረስ ከወጣ ትልቅ ነው። ኪራይ ቤቶች የትንንሽ ልጅ ልክ ቶሎ ያልቅባቸዋል፤ እኔ ብሆን የራሴን ገዝቼ እሄዳለሁ። ክንድ ላይ የሚነፋው ላስቲክ መጫወቻ ነው፤ አደራ እንደ ጃኬት እንዳትቆጥሩት። ከጃኬቶቹ ሌላ ለወደቀ ሰው የሚወረወር ተንሳፋፊ ትራስ ወይም ቀለበት መኖሩን አረጋግጡ፤ 16 ጫማና ከዚያ በላይ የሆነ ጀልባ ላይ ግዴታ ነው፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

እናትሽ የሀበሻ ቀሚስ ለብሰው ለፎቶ እንደሚወጡ እገምታለሁ። ይልበሱ፣ ያምርባቸዋል። ጃኬቱ ግን ቀሚሱ ላይ በደንብ ይታሰር፤ ነጠላው ሞተሩ ሲነሳ ይታጠፍና ይቀመጥ። ነፋስ የወሰደው ነጠላ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፤ ለመያዝ የሚዘረጋው እጅ ደግሞ ያሳስበኛል። ሲሳፈሩ ሁለት ሰው ይደግፋቸው፣ ጀልባው በገመድ ወደ ዶኩ ተጠግቶ ይያዝ። ዶኩንና ጀልባውን በእግር ለማራራቅ የሚሞክር ጎረምሳ ካለ ተቆጡት፤ ያ ሁሉ ብረት በእግር አይቆምም።

አሁን ወደ 13ቱ። ጀልባው ላይ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚጭን የሚናገር ሰሌዳ አለ፤ ብዙ የኪራይ ፖንቱን ከ10 እስከ 12 ሰው ነው። ታቅፎ የተቀመጠ ሕፃንም አንድ ሰው ነው። «ልጅ ነው፣ ይታለፍ» ብሎ የሚያሳልፍ አከራይ ካገኘሽ ከእሱ አትከራዪ። ሰዉ ብቻም አይደለም፤ የእኛ ሰው ሽርሽር ሲወጣ የሚጭነውን አውቀዋለሁ፦ ሁለት ሰሃን ዶሮ ወጥ፣ በረዶ የሞላ ሁለት ኩለር፣ የውሃ ካርቶን። ያ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰው ይመዝናል። ወይ ሦስት ቱቦ ያለውን ትልቁን ጠይቁ፣ ወይ ሁለት ጀልባ ውሰዱ። ሁለት ጀልባ መሆኑ ሌላ ጥቅምም አለው፤ አንዱ ቢቆም አንዱ ይደርስለታል።

ባለቤትሽ «አይገለበጥም» ሲል ልኩን ሳያልፍ ነው መባል ያለበት ለዚህ ነው። ከልክ በላይ ተጭኖ ሁሉም ለፎቶ ወደ አንድ ጎን ቢሮጥ ያዘነብላል፤ ወደ ፊት ቢሰበሰብ አፍንጫው ውሃ ሥር ይገባና ውሃው በወለሉ ላይ ይጎርፋል። ከዶክ ሳትወጡም ራቅ ብለሽ ቆመሽ እዪው፤ ባዶውን ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አንዱ ቱቦ ውሃ ገብቶበት ይሆናልና ይቀየርላችሁ።

ቡናውን ሳልናገር ባልፍ እወቀሳለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የከሰል ምድጃ ይዘው የመጡ ወገኖች አስቁሜያለሁ፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ ዕጣን፣ ሁሉም ተሟልቶ። ሲያዩኝ እንደ ከሃዲ ነው። ግን የፖንቱን የቤንዚን ታንክ ብዙ ጊዜ ከኋላው መቀመጫ ሥር ነው፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፣ ፍም ይጠብቃል። ቡናው ቤት ይፈላና በፔርሙዝ ይምጣ። ዕጣኑ ለመመለሻ ይቆይ።

መጠጡ ላይ ብዙ አልሰብክም። ነጂው ምንም አይጠጣም፣ አንድ ቢራም። ፀሐዩ፣ ሞገዱና የሞተሩ ድምፅ ራሳቸው ሰውን ያደክማሉና ሐይቅ ላይ ያለች ቢራ ቤት ካለችው ትከብዳለች። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 በዚሁ ላኒየር ላይ አንድ ፖንቱን በሌላ ጀልባ ተመትቶ የ9 እና የ13 ዓመት ወንድማማቾች ሞቱ። ከዚያ ተነስቶ ነው ጆርጂያ በ2013 ለጀልባ ነጂ በደሙ ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል መጠን ከ0.10 ወደ 0.08 በመቶ ያወረደችው፤ ከመኪና ጋር እኩል። ተሳፋሪውም ቢሆን ሰክሮ አጥር ዳር የሚቆም ከሆነ ጣጣው የሁላችሁ ነው።

ዶክ አጠገብ አትዋኙ፤ ማሪናም (የጀልባ ማቆሚያ) የግል ዶክም። ዶኮች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ ሽቦው ከተላጠ ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ጡንቻ ያስራል፣ ሰው ይሰጥማል። የሐይቅ ውሃ ጨው ስለሌለው የሰው ሰውነት ከውሃው ይልቅ ኤሌክትሪኩን ይስባል። በ2023 ሐምሌ ላኒየር ላይ አንድ ወጣት ከዶክ ዘሎ በዚሁ በኤሌክትሪክ ሞቷል። አንድ ሰው ውሃ ውስጥ «ነዘረኝ» ካለ ዘላችሁ እንዳትከተሉት፤ ከዶኩ ይራቅ፣ መብራቱ ይቆረጥ።

አነዳዱን አከራዩ ያሳያችኋል፤ እኔ ኪራይ ቤት የሚረሳቸውን ብቻ ልንገርሽ። ትልቅ ሞገድ ሲመጣ የሰው ደመ ነፍስ ጋዙን ጨርሶ መልቀቅ ነው። በፖንቱን ይህ ስህተት ነው፤ አፍንጫው ይደፋና ሞገዱ ውስጥ ይገባል። ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ከፊት የተቀመጡትን ወደ ኋላ ማዛወር፣ ሞገዱን ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መቀበል፣ አፍንጫው ቀና እንዲል ጥቂት ጋዝ መተው። ከቆመ ጀልባ፣ ከዶክ፣ ከሚዋኝ ሰው በ100 ጫማ ውስጥ ከሆናችሁ ሕጉ ዝቅተኛውን ፍጥነት ብቻ ይፈቅዳል፤ ከኋላችሁ ሞገድ መተው የለም። ፊት ለፊት ስትገናኙ ሁለታችሁም ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ የሚመጣ ካለ ቅድሚያ ለእሱ። ብርቱካናማ የሹል አራት ማዕዘን ምልክት ያለበት ነጭ ምሰሶ ካያችሁ ከሥሩ አደጋ አለ ማለት ነውና ራቁ። የጆርጂያ በጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ልማዱ ነው፤ ድምፁ ከተሰማ ወደ ዳር፣ ካበቃ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክፍት የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ መሃል ሐይቅ መቆም አይገባም።

ሰው ከወደቀ፦ ያየው ሰው ይጮሃል፣ ጣቱንም ከሰውየው ላይ አያነሳም፤ ነጂው ማርሹን ኒውትራል አድርጎ መሪውን ወደ ወደቀበት ጎን ያዞራል፣ ያኔ ኋላው ከሰውየው ይርቃል። ትራሱ ይወረወራል። ከዚያ ዞሮ ቀስ ብሎ ነፋስን ፊት አድርጎ ይቀርባል፤ አጠገቡ ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋል። ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይከተል። ይህን ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ተነጋገሩበት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተመራቂው ልጅሽ «እኔ ልንዳ» ማለቱ አይቀርም። ጆርጂያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ የተወለደ ሰው የሞተር ጀልባ ለመንዳት የጀልባ ትምህርት ኮርስ እንዲወስድ ትጠይቃለች፤ ኮርሱ በኢንተርኔት ይሰጣል። አከራዮችም የየራሳቸው የዕድሜ ገደብ አላቸውና ቀድማችሁ ደውሉ። ስትደውዪ የኪራዩን ቀን ከጁላይ 4 (የአሜሪካ የነፃነት ቀን) ሳምንት አርቂው፤ ቅዳሜና እሑድም አይሁን። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያንን ሐይቅ ያየ ሰው ሌላ ሐይቅ ነው የሚመስለው፤ ውሃው ረግቶ፣ ጀልባው ጥቂት ሆኖ። እናትሽንም መሃለኛው ሶፋ ላይ አስቀምጧቸው፤ ከፊተኛው በርም ከሞተሩም እኩል የሚርቀው እሱ ነው።